ዋሻው ደጃፍ ላይ «ቤቶች!» በሉ

ሰላም ወዳጆች። ባለፈው እትም ስለ አባይ በረሃ ትንሽ ጽፈን ነበርና የዚህ ወር ደብዳቤ ሁሉ ስለ ዋሻ ሆኖ መጣ። ደስ ብሎኛል። በረሃው አፋፍ ላይ ያደግሁ ሰው ስለሆንኩ ዋሻ ሲነሳ ዝም ማለት አይሆንልኝም። ረዘም ያለውን ደብዳቤ አስቀድሜዋለሁ። መልሱም ይረዝማልና ታገሱኝ።

ጥያቄ፦ ተወልጄ ያደግሁት ደጀን ወረዳ ውስጥ ነው፤ ኑሮዬ ግን አዲስ አበባ ነው። ለገና ልጆቼን ይዤ አገር ቤት ልሄድ አስቤአለሁ። ከመንደራችን ቁልቁል የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ላይ አንድ የኖራ ድንጋይ ዋሻ አለ። «የሙሽራዋ ዋሻ» እንለዋለን። ድሮ ነው አሉ፣ በግንቦት መጨረሻ ሙሽራ ይዘው የሚሄዱ ሚዜዎች ዝናብ ጣለባቸውና ገብተው ተጠለሉ። ዋሻው አፉን ዘጋባቸው። እዚያው ድንጋይ ሆነው ቀሩ። ሙሽራዋ ነጭ ድንጋይ ሆና መሀል ላይ ቆማለች፤ እስከ ዛሬም ታለቅሳለች። ነሐሴ ላይ ደግሞ ከውስጥ ከበሮ ይሰማል። እናቴን በስልክ ልጆቹን ወደዚያ ልወስዳቸው ነው ብላት ተቆጣች። «ያስቀራል!» ብላ ዘጋችብኝ። የ12 ዓመቷ ልጄ ደግሞ ይህን ከሰማች ወዲህ ሌላ ወሬ የላትም፤ ሙሽራዋን ካላየሁ ትላለች። ታናሽ ወንድሟ 9 ዓመቱ ነው። እናቴን ተረት መሆኑን እንዴት አድርጌ ላስረዳት?

መልስ፦ ላስረዳ ብለው አይድከሙ። ይልቅ ቁጭ ብለው ይጠይቋቸው። እናትዎ የነገሩዎትን ታሪክ እኔ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ባነበብኩት ቁጥር ስለ ዋሻው አዲስ ነገር አገኘሁበት።

ይኸውልዎ። ሙሽሮቹ የገቡት መቼ ነው? በግንቦት መጨረሻ ነው። ሰርግ የሚበዛው በጥርና በሚያዝያ ሆኖ ሳለ ታሪኩ ግንቦት መጨረሻን መርጧል፤ ክረምቱ ደጅ ሲደርስ፣ የመጀመሪያው ዶፍ ሲጥል ማለት ነው። ምን ሆኑ? ዋሻው አፉን ዘጋባቸው። ነሐሴ ላይ ምን ይሰማል? ከበሮ። እኔ ይህን ሁሉ ስሰማ የሚታየኝ ውኃ ነው። ዝናቡ ከላይ አፋፉ ላይ ይጥላል፣ በስንጥቁ ይሰርጋል፣ ውስጥ ለውስጥ ይጠራቀማል፣ ከዚያ ዝቅ ያለችውን መተላለፊያ እስከ ጣሪያዋ ይሞላታል። በዚያች ያለፈ ሰው መመለሻ የለውም። አፉን ዘጋ ማለት ይኸው ነው። ከበሮውም ውኃው ባዶ ድንጋይ ውስጥ ሲወድቅ የሚያሰማው ድምፅ ይመስለኛል። ዋሻውን በዓይኔ ስላላየሁት ግምቴን ነው የምነግርዎ። ግን አስቡት፣ በየዋሻው ደጃፍ የማስጠንቀቂያ ሰሌዳ በማይሰቀልበት ዘመን ይህን ለልጅ ልጅ ማቆያው መንገድ ምን ነበር? «በክረምት እዚያ አትግባ» የተባለ ልጅ በማግስቱ ይረሳዋል። ድንጋይ ሆና የምታለቅስ ሙሽራ ግን እርስዎም ይኸው አዲስ አበባ ገብተው፣ ወልደው ከብደው አልረሷትም።

የኖራ ድንጋይ፣ በሃ ድንጋይ የሚሉትም አሉ፣ ጠባዩ ከሌላው ድንጋይ ይለያል። ውኃ ያሟሟዋል። ዝናብ በአየርና በአፈር ሲያልፍ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ትንሽ ኮምጠጥ ይላል። ኮምጣጣው ውኃ ስንጥቅ ሲያገኝ ድንጋዩን በጥቂት በጥቂቱ ይበላዋል። በብዙ ሺህ ዓመት ስንጥቁ ቀዳዳ፣ ቀዳዳው ጓዳ፣ ጓዳው አዳራሽ ይሆናል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ዋሻ ከመነሻውም የውኃ መንገድ ነው። በበጋ ደርቆ ስናገኘው ባዶ ቤት መስሎን እንገባለን እንጂ ባለቤቱ ሩቅ አልሄደም፤ ክረምት ሲሆን ይመለሳል።

በሰሜን ታይላንድ ታም ሉዋንግ የሚባል የኖራ ድንጋይ ዋሻ አለ። ተራራው የተኛች ሴት ይመስላል። የአገሩ ሰው ደግሞ ከአባቷ ቤት የኮበለለች ልዕልት ናት ይላል። በ2010 ዓ.ም. ሰኔ 16 ቀን 12 ታዳጊ ኳስ ተጫዋቾች ከአሠልጣኛቸው ጋር ከልምምድ በኋላ እዚያ ገቡ። በዝናብ ወራት አትግቡ የሚል ማስጠንቀቂያ ደጃፉ ላይ ተሰቅሎ ነበር። ዝናብ ጣለ፣ መውጫው ተሞላ። በሕይወት መኖራቸው የታወቀው ከ9 ቀን በኋላ ነው። የመጨረሻዎቹ የወጡት ሐምሌ 3 ቀን፣ በገቡ በ18ኛው ቀን ነበር። 13ቱም ተረፉ። አንድ ጠላቂ ግን እነሱን ለማዳን ሲል እዚያው ውኃ ውስጥ ሞተ። እኛ አገር የዚያን ያህል ጠላቂና ፓምፕ በቀናት ውስጥ ገደል ድረስ የሚያወርድ አናገኝም። ስለዚህ እናትዎ «ያስቀራል» ሲሉ ቃሉ ትክክል ነው።

ሙሽራዋ ማልቀሷም እውነት ነው። ከጣሪያው የሚንጠባጠበው ውኃ የሟሟ ኖራ ይዟል። ጠብ ከማለቱ በፊት ትንሽ ጣሪያው ላይ ያስቀራል፤ የቀረውን ደግሞ የወደቀበት ቦታ ላይ ይተወዋል። ከላይ እንደ ጧፍ ይንጠለጠላል፣ ከታች እንደ ሰው ይቆማል። አንዳንዴም ሁለቱ ተገናኝተው ዓምድ ይሆናሉ። ዕድገቱ በየቦታው ይለያያል፤ ብዙ ጊዜ ግን በዓመት ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛው ገደማ ነው። በዚህ ሒሳብ ሙሽራዋ 1.60 ሜትር ከሆነች 16,000 ዓመት ያህል ቆማለች ማለት ነው። ይህን ለልጅዎ ይንገሯት። እዚያ ስትደርሱ ሁላችሁም ለአፍታ ባትሪ አጥፉ። ዝም በሉ። ጠብታው ሲወድቅ ይሰማል፤ ከዚያ ረዘም ያለ ዝምታ፣ ከዚያ ሌላ ጠብታ። እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ጨለማና እንደዚያ ያለ ዝምታ ሌላ ቦታ አላገኘሁም።

ግን ማንም እንዳይነካት። የእጃችን ወዝ ድንጋዩ ላይ ከቀረ ኖራው እንደ ድሮው አይይዝለትም፤ ዕድገቱ ይስተጓጎላል፣ ነጩም እየጠቆረ ይሄዳል። ስም የሚጭሩ አሉ። ቁራጭ ሰብረው ለመታሰቢያ የሚወስዱም አሉ፤ ቤታቸው ሲደርስ ደርቆ ተራ ጠጠር ይሆንባቸዋል። ይህን ሳስብ አንጀቴ ያራል። የአያቶቻችን ሙሽራ ናት እኮ!

አሁን ወደ ጉዞው። ለገና መሄድዎ ጥሩ ነው፤ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ደህና ጊዜ ነው። መስከረምና ጥቅምት ዋሻው ውኃውን ገና ሳይጨርስ ሊቆይ ይችላል። ቆላው ላይ ወባ የሚበረታውም ዝናቡ ሲወጣ ነው። ሚያዝያ ደግሞ በረሃው ይጋገራል። የአባይ በረሃ ከሌላው ተራራ የተገላቢጦሽ መሆኑን ለልጆቹ አስቀድመው ይንገሯቸው፤ ጠዋት ጉልበት ሳለ ቁልቁለት፣ ቀትር ላይ ደክሞ ዳገት ነው። በአንድ ሰዓት ተኩል የወረዱትን ከልጅ ጋር ለመውጣት ሦስት ሰዓት ይያዙለት። ጎህ ሲቀድ ይነሱ። ለአንድ ሰው ቢያንስ 3 ሊትር ውኃ ይያዙ፤ በሶና ዳቦ ቆሎውን እናትዎ ያውቁበታል። ዋሻውን የሚያውቅ የመንደር ሰው ሳይዙ አይውረዱ፤ ለልፋቱም ይክፈሉት። ወቅቱን ያውቁታልና የመንገዱንም ሰላም ከመነሳትዎ በፊት ደውለው ያጣሩ።

እናትዎ ጉልበታቸው ከፈቀደ እስከ አፋፉ ይሸኟችሁ። ታሪኩን ለልጆቹ እሳቸው ይንገሩ። እርስዎ ጣልቃ አይግቡ፤ ስለ ውኃውና ስለ ኖራው በኋላ ይደርሱበታል። ከዚያ ይመርቋችሁ። የተቆጡት ዋሻው ስለሚያስፈራቸው ብቻ አይመስለኝም። ሳይጠየቁ መቅረታቸውም ይኖርበታል።

አንድ ነገር ልጨምር። አያቴ ዋሻ ደጃፍ ሲደርሱ ቆም ይሉና ድንጋዩን በዱላቸው ሁለቴ መታ መታ አድርገው «ቤቶች!» ይሉ ነበር። ልክ ሰው ቤት እንደሚገባ። ከዚያ ከበሩ ፈቀቅ ብለው ይጠብቃሉ። እኔ ልጅ ሆኜ ለጋኔኑ ሰላምታ የሚያቀርቡ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን «ቤቶች!» ባሉ በትንሽ ጊዜ ውስጥ ሁለት ጃርቶች እሾኻቸውን እያንኳኩ ወጥተው በአጠገባችን ሮጡ። አያቴ ዱላቸውን እንኳ አላነሱም። «አየሽ፣ ባለቤት አለው» አሉኝ። ጅብም ነብርም ዋሻ ይወዳሉ። ድምፅ ሰምተው እንዲወጡ ጊዜ መስጠት፣ መውጫቸው ላይም አለመቆም ነው። እኔ እስከ ዛሬ ቤቶች ሳልል ገብቼ አላውቅም፤ ልጆችዎም ይህን ቢለምዱ ደስ ይለኛል።

ጥያቄ፦ ደብረ ማርቆስ አስተምራለሁ። ለሳይንስ ክፍለ ጊዜ ተማሪዎቼን ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለ ዋሻ ልወስድ ነበር። የኖራ ድንጋይ ዋሻ ነው ይሉኛል፤ ለእኔ ግን ጥቁር ነው የሚታየኝ። በምን ልለየው?

መልስ፦ ዓይንዎን ይመኑት። ጮቄም ሆነ ደብረ ማርቆስ ዙሪያው ከእሳተ ገሞራ የወጣ ጥቁር ድንጋይ፣ ባዛልት፣ የለበሰ አገር ነው። እዚያም ዋሻ አለ፤ አፈጣጠሩ ግን ሌላ ነው፣ የሚንጠለጠል ጧፍም አይጠብቁበት። የኖራውን ድንጋይ የሚያገኙት ወደ አባይ ሲወርዱ ነው።

ተማሪዎችዎን መኪና ካገኙ ከደጀን ወደ አባይ ድልድይ በሚወርደው መንገድ ይውሰዷቸው። ለእኔ ከዚያ የተሻለ የሳይንስ ክፍል የለም። ከላይ ጥቁሩ ባዛልት አለ። ዝቅ ሲሉ የአሸዋ ድንጋይ ይመጣል። ከዚያ ነጣ ብጫ ያለው፣ እንደ ደረጃ የተነባበረው የኖራ ድንጋይ ይቀጥላል። ከሥሩ ጂፕሰም ያለበት ለስላሳ ንብርብር፣ ግርጌው ወንዙ ዳር ደግሞ እንደገና የአሸዋ ድንጋይ ነው። የኖራው ንብርብር ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት አካባቢ የባሕር ወለል ነበር። ጠጋ ብለው ቢያዩት የዛጎል ቅርፅ ያለበት ድንጋይ ያገኛሉ። ልጆቹ ጣታቸውን ያሳርፉበትና ጎጃም ባሕር እንደነበረ ይወቁ። ሲሚንቶ የሚሠራውም ከዚህ ዓይነት ድንጋይ ነው።

መለያው ቀላል ነው፤ ሎሚ ያዙ። ከወደቀ ቁራጭ ላይ በሚስማር ጥቂት ዱቄት ፋቅ ፋቅ አድርጉና ጨመቅ አድርጉበት። የኖራ ድንጋይ ከሆነ ትንንሽ አረፋ ያወጣል። ባዛልቱ ዝም ይላል። ዋሻ ውስጥ ያለ ግድግዳ ላይ ግን አትሞክሩት፤ መንገድ ዳር የወደቀ ድንጋይ ሞልቷል።

ጥያቄ፦ ከብቸና ነው የምጽፈው፣ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። እኛ አገር ያለው ዋሻ ውስጥ ቁልቁል የሚወርድ ጓዳ አለ። ሽማግሌዎቹ ጋኔን አለበት ይላሉ፤ ምልክቱ ችቦና ሻማ ማጥፋቱ ነው። እነሱ ሻማው ሲዳከም ይመለሳሉ። ጓደኞቼ ግን በስልክ መብራት እንለፈው እያሉ ነው። ምን ትመክሪኛለሽ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ በፍጹም እንዳትሞክሩት! ይህን ደብዳቤ አንብቤ ሌሊቱን ሳስብህ አደርኩ።

ሻማ የሚያጠፋው ነገር እውነተኛ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ይከብዳል፤ ንፋስ በማይደርስበት ዝቅ ባለ ጓዳ ውስጥ እንደ ውኃ ይተኛል። ጎርፍ ያስገባው ቅጠልና ግንድ ሲበሰብስ ይወጣል፣ የሌሊት ወፎቹም ሲተነፍሱ ያወጡታል። ኖራ ይዞ የሚንጠባጠበው ውኃ ራሱ ኖራውን ሲያስቀምጥ ያንኑ ጋዝ ይለቃል። የሽማግሌዎቹ ሻማ ይህን ይለካ ነበር። የስልክ መብራት ግን አየር አይፈልግም። ሰው ወድቆም ስልኩ ያበራል። ለዚህ ነው የፈራሁት።

ሌላም ልንገርህ። ሻማው ስላልጠፋ ደህና ነው ማለትም አይቻልም። ጋዙ ሰውን ሊጎዳ በሚችልበት መጠን ላይ እያለ ሻማ መብራቱን ሊቀጥል ይችላል። ስለዚህ ሰውነትህን አድምጥ። ሳትሮጥ ካለከለክህ፣ ራስህን ካመመህ፣ ሐሳብህ ከተምታታ ወይም ጓደኛህ እንግዳ ነገር መናገር ከጀመረ ዙሩና ውጡ። አንድ ሰው ጉድጓዱ ውስጥ ከወደቀ ደግሞ ተከትሎ መግባት ሁለተኛ ሬሳ ማውጣት ነው። ገመድ ያለውና የሚያውቅ ሰው ጠርታችሁ አምጡ። እናንተ ያንን ጓዳ ተዉት። ሽማግሌዎቹ በሚመለሱበት ቦታ ተመለሱ፤ ቦታውን የመረጡት በዋዛ አይደለም።

ጥያቄ፦ ከሞጣ። አንድ ዋሻ ውስጥ ጠበል አለ፣ ወደ ውስጥ ደግሞ የሰው አፅም ይታያል። ቪዲዮ ቀርጬ ቲክቶክ ላይ ብለቅ ችግር አለው? አገሬን ማስተዋወቅ ነው የምፈልገው።

መልስ፦ ሐሳብህን ወድጄዋለሁ፤ አካሄዱን ግን እንነጋገርበት። ጠበል ካለ ቄስ ወይም ቦታውን የሚጠብቅ መነኩሴ አይጠፋም። መጀመሪያ እሳቸው ጋ ሂድ። መስቀል ተሳለም፣ ለምን እንደመጣህ ንገራቸው። ጫማ የሚወለቅበትን፣ ካሜራ የማይወጣበትን ቦታ ይነግሩሃል። ሰው ጠበል ሲጠመቅ መቅረፅ ነውር ነው። ይህን እንኳ ለአንተ መንገር አያስፈልገኝም።

አፅሙን አትንካ፣ አታገላብጥ፣ ለምስል እንዲያምር ብለህ ቦታውን አትቀይር። ላስታ ውስጥ ይምርሐነ ክርስቶስ የሄደ ሰው ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ዋሻው ውስጥ የተኙትን ያውቃቸዋል፤ ሰው ቆሞ ያያቸዋል፣ ዝም ይላል፣ ያልፋል። አንተም እንደዚያ አድርግ። በእኛ በምሥራቅ ጎጃም በኩል በጣሊያን ጊዜ የበላይ ዘለቀ ሰዎችም ሆኑ ሌሎች አርበኞች አባይ በረሃ ውስጥ ነበር የሚሰነብቱት። የምታየው አፅም የማን አያት እንደሆነ ማን ያውቃል? አጥንቱ ያለበት ቦታ፣ አጠገቡ ያለው የሸክላ ስባሪ፣ ሁሉም ለሚያጠና ሰው ይናገራል፤ አንድ ጊዜ ከተነሳ ግን አበቃ። በቅርስ አዋጁም፣ ማለትም በአዋጅ ቁጥር 209/1992፣ በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው ማሳወቅ አለበት። የወረዳህ ባህልና ቱሪዝም ቢሮ ሄደህ ንገር። ስታሳውቅ ፎቶው ይጠቅማል፤ ለዚያ አንሳው። ቪዲዮ የምትለቅ ከሆነም የዋሻውን ትክክለኛ መንገድ አታሳይ። ጠባቂ በሌለው ቦታ በአንድ ወር ውስጥ ምን እንደሚሆን አይቻለሁ። ግድግዳው በከሰል ስም ተዥጎርጉሮ፣ የሻማ ሰምና የሃይላንድ ጠርሙስ ተበትኖበት ስደርስ አልቅሻለሁ።

ይልቅ ሽማግሌዎቹን ቅረፅ። ስለ ዋሻው የሚሉትን ሁሉ ሳታቋርጥ ቅረፃቸው። ድንጋዩ ይቆየናል፣ እነሱ ግን አይቆዩንም።

ጥያቄ፦ የሌሊት ወፍ ካለበት ዋሻ መግባት በሽታ ያመጣል ይላሉ፤ እውነት ነው?

መልስ፦ አዎ፣ ሊያመጣ ይችላል። ኩሱ የተከመረበት ደረቅ ዋሻ ውስጥ ስንራመድ የሚነሳው አቧራ ሳንባ የሚያሳምም ፈንገስ ሊኖርበት ይችላል። ማርበርግ የሚባለው ቫይረስ ደግሞ ዋሻ ውስጥ በሚኖር ፍራፍሬ በል የሌሊት ወፍ ላይ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2008 ኡጋንዳ ውስጥ የሌሊት ወፍ የሞላበት ዋሻ የጎበኘች ኔዘርላንዳዊት አገሯ ተመልሳ በዚሁ ሞታለች። በእኛም አገር በ2018 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ጂንካ ውስጥ ማርበርግ መገኘቱ ተነግሯል። እና ወፎቹ የበዙበት ጓዳ ሲያጋጥማችሁ አትግቡ። በኩሱ ላይ አትሂዱ፣ ግድግዳውን እየዳበሳችሁ አትለፉ፣ እጃችሁን ሳትታጠቡ እንጀራ አትቁረሱ። ማስክ አድርጉ። ከዋሻ በተመለሳችሁ በሦስት ሳምንት ውስጥ ትኩሳት ከያዛችሁ ሐኪሙ ባይጠይቃችሁም ዋሻ ገብቼ ነበር በሉ። ወፎቹን ግን በጭስ ማባረርና መግደል መፍትሔ አይደለም፤ ተባይ የሚበሉልን እነሱ ናቸው።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር የምንኖር አምስት ጓደኛሞች ነን። ዋሻ ገብተን አናውቅም። ለመጀመሪያ ጊዜ የትኛውን እንይ?

መልስ፦ ጊዜና ገንዘቡ ካላችሁ ባሌ ሂዱ፣ ሶፍ ዑመርን እዩ። ጎጃሜ ሆኜ የባሌን ሳወድስ አትቀየሙኝ፤ እንደሱ ያለ በአገራችን የለም። የዌይብ ወንዝ ከባሌ ተራሮች ወርዶ የኖራ ድንጋይ ተራራ ውስጥ ይገባና በሌላው በኩል ይወጣል። የታወቀው የዋሻው ርዝመት 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ውስጡ ወንዙ ጠርቦ ያቆማቸው ዓምዶች ያሉበት አዳራሽ አለ፤ ቤተ መቅደስ የገባችሁ ነው የሚመስላችሁ። ስሙ የመጣው ሼህ ሶፍ ዑመር ከሚባሉት የእስልምና አባት ነው። በዚያ ዋሻ ይጸልዩ ነበር ይባላል፣ ሰዉም እስከ ዛሬ ለዚያራ ይሄድበታል። የአገሩ ሰው አስጎብኚ አለ፤ እሱን ሳትይዙ አትግቡ። ስለ ሼሁ የሚነግራችሁን በደንብ ስሙት፤ የዋሻውን ጓዳዎችና በሮች የሚያውቃቸው በታሪኩ ነው።

መንገዱ ሩቅ ነው። ከአዲስ አበባ ሮቤ 430 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከዚያ ወደ ምሥራቅ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀራችኋል። እናንተ ደግሞ ከባሕር ዳር አዲስ አበባ የምትሄዱት አለ። ሳምንት ያዙለት። ወንዙ ሲሞላ ውስጡን ማየት ስለማይቻል እዚያም በበጋ ነው። የሁለቱንም አገር መንገድ ሰላም ጠይቃችሁ ተነሱ።

ጥያቄ፦ ከሉማሜ ነው። አያቴ ዋሻ ከመግባታችን በፊት ሁላችንም ደጃፉ ላይ አንዳንድ ጠጠር እንድናስቀምጥ ያደርገን ነበር። ስንወጣ ያስቀመጥነውን እናነሳለን። ዋሻው እንዳይቆጣ ነው ይለን ነበር። ይህ ነገር ምንድን ነው?

መልስ፦ አያትህ እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማር፣ በሕይወት ካሉም ዕድሜ ይስጣቸው። እኔም አውቀዋለሁ። ስትገቡ ብዙ ናችሁ፣ ጨለማ ነው፣ የሚስቅ አለ፣ ወደ ጎን የሚል አለ፣ ስትወጡ ፀሐዩ ዓይናችሁን ያጠፋዋል። ማን እንደቀረ የሚያስታውስ የለም። ሁሉም ጠጠሩን ካነሳ ሂዱ። አንድ ጠጠር ከተረፈ ሰው ውስጥ አለና ማንም ወደ ቤቱ አይሂድ። ሁለት ሰው ሁለት ባትሪ ይዞ ይመለስ፣ የቀራችሁት ደጃፉ ላይ ሆናችሁ ስሙን እየጠራችሁ ጠብቁ።